የጎጃምን ደን ማን ይጠብቀው? ሳተላይት፣ ኬላ ወይስ ሕዝቡ?

መምህርት፣ ከደብረ ማርቆስ፦
አገር አቀፉ የደን ክትትል ሥርዓት ይጠናከር ሲባል እስካሁን የሚጠናከረው የዛፉ ልኬት ነው። ደኑ የት እንደጨመረ፣ የት እንደሳሳ ከሰማይ ይታያል። እንዲቆረጥ ማን እንደፈቀደ፣ የቅጣቱ ገንዘብ የት እንደገባ፣ የቀበሌው ሰው ተጠይቆ እንደነበር ግን አይታይም። እኔ ይህ ሁሉ በየወረዳው ይመዝገብ፣ ሕዝብ በሚያየው ቦታም ይለጠፍ ባይ ነኝ።

ልኬቱ ብቻውን ያሳስታል። በ2007 ዓ.ም. በወጣው መስፈርት ደን የሚባለው ቢያንስ ግማሽ ሄክታር የሚሰፋ፣ ዛፉ 2 ሜትር የሚደርስ፣ ቅርንጫፉ ከመሬቱ 20 በመቶ የሚሸፍን ነው። ቀድሞ ቁመቱ 5 ሜትር፣ ሽፋኑ 10 በመቶ ነበር። እንግዲህ ባንጃና ፋግታ ለኮማ ላይ ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስ የተባለ የውጭ አገር ግራር ደን ተብሎ ይገባል። ከግማሽ ሄክታር ባነሰ የደብር ቅጽር የቆሙት ጽድ፣ ወይራና ዝግባ ግን ከመስፈርቱ ውጭ ናቸው። የአገር በቀሉ ደን እያለቀ ቁጥሩ ሊያድግ ይችላል ማለት ነው። ይህ በጣም ያስፈራኛል።

ገበሬ፣ ከፋግታ ለኮማ፦
እህቴ፣ ዲከረንሱን እንደ ጥፋት አትቁጠሪብን። መሬታችን አሲድ ሆኖ እህል አልሰጥ ሲል ያወጣን እሱ ነው። በተከልንበት ዓመት መሐል መሐሉ ጤፍ እንዘራለን፣ ቀጥሎ ሣሩን ለከብት እናጭዳለን፣ አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ከሰል እናከስላለን። ቤታችንን ቆርቆሮ ያለበስነው በዚያ ነው።

የደን አዋጁ፣ ቁጥር 1065/2010፣ ደንን የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበራትና የመንግሥት ደን ብሎ ለይቷል። የእኔ የግል ነው። ታዲያ የእኔን ከሰል የጫነ መኪና በየኬላው ለምን ይቆማል? ነጋዴው በመንገድ ያወጣውን ከእኔ ዋጋ ላይ ነው የሚቀንሰው። እኛ ክትትል ሲባል የምናውቀው ኬላ ነው። ዲከረንሱን በሽታ ገብቶ ሲያደርቀው ግን ቀድሞ የነገረን የለም።

የደን ባለሙያ፣ ከባሕር ዳር፦
አያ፣ ቅሬታዎ እውነት አለው፤ ኬላው ግን ያለ ምክንያት አልቆመም። ከሰል አንዴ ጆንያ ከገባ ከዲከረንስ ይሁን ከቆላው ግራር፣ ኬላ ላይ ቆሞ መለየት ያስቸግራል። በእርስዎ ዛፍ ስም የወጣ ፈቃድ የተፈጥሮ ደን ማሳለፊያ ይሆናል። መፍትሔው ማሳዎ በቀበሌ ተመዝግቦ ፈቃዱ የማሳውን ቦታ መያዙ፣ ፍተሻውም ከመነሻው አንዴ ብቻ መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ በፈቃዱ የተጻፈው ቦታ በእርግጥ መቆረጡን በሳተላይት ምስል ማመሳከር ይቻላል።

በመለጠፉ ግን ከመምህርት ጋር አልስማማም። ባለሙያ ወደ ገጠር ቀበሌ ለመውጣት በሚሰጋበት በዚህ ጊዜ ስሙን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ሰውየውን ለአደጋ አሳልፎ መስጠት ነው።

መሪጌታ፣ ከዘጌ፦
ልጆቼ፣ እኛ ዘንድ፣ በጣና ዳር በዘጌ፣ ገዳሙን በመሠረቱት በአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን መሬቱ አይታረስም፣ ከብትም አይረባበትም። ቡናው ከዛፍ ጥላ ሥር ነው። ያለ ሳተላይት፣ ያለ ኬላ እዚህ አድርሰነዋል። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ሲመዘገብ ያ ደን ቀድሞ የነበረ ነው። ሕዝቡ የእኔ ያላለውን ደን ወረቀት አያድነውም።

መምህርት፣ ከደብረ ማርቆስ፦
አባታችን፣ ያሉትን አከብራለሁ። ነገር ግን ከዘጌ ማገዶ በታንኳ ወደ ባሕር ዳር ገበያ እንደሚሻገር እርስዎም ያውቃሉ። ቡናው በቂ ገቢ ካልሰጠ ግዝት ብቻውን የተራበ ሰው አይመልስም። የአባቶችን ሥርዓት የጣሰ ሰው ሲገኝ ጉዳዩ የት እንደደረሰ የሚከታተል መዝገብ ቢኖር ለእናንተው ያግዛል እንጂ አይሽራችሁም።

ባለሙያው ስለ ስም ያነሳው ስጋት ተገቢ ነው። የሰው ስም ይቅር። የውሳኔው ቁጥር፣ የወሰነው ጽሕፈት ቤት፣ ቦታውና የገንዘቡ ልክ ይለጠፍ። ከዚህ በታች ግን አልወርድም። ወረዳው ለበላይ የሚልከው ሪፖርት የችግኝ ቁጥር ብቻ ሆኖ ከቀረ የተሳሳተ ፈቃድ ማን ያርማል? ዛፉ ከወደቀ በኋላ ምስሉን ማየት ለጮቄ ተራራ የአስታ ዛፍ ምን ይጠቅመዋል?

የደን ባለሙያ፣ ከባሕር ዳር፦
የገንዘቡ ልክ ይለጠፍ ከተባለ የቀበሌው ድርሻም ይለጠፍ። የማኅበረሰብ ደን የሚጠብቁ ማኅበራት ከቅጣቱ ምን እንዳገኙ ካላወቁ ጥበቃውን ይተዉታል።

ገበሬ፣ ከፋግታ ለኮማ፦
እኔም መመዝገቡን አልጠላም፣ ቅደም ተከተሉ ነው የሚያጣላን። ምዝገባው ከእኔ ማሳ ከጀመረ ሌላ ኬላ ነው። መጀመሪያ የመንግሥት ደን ፈቃድ ይለጠፍ፤ እሱን አይቼ የእኔን ማሳ ራሴ መጥቼ አስመዘግባለሁ።