ጥቆማ፦ አልዛይመር ለጠናባቸው እናት የትኛው መድኃኒት፣ የትኛው ሆስፒታል? (ባሕር ዳር)

ጠያቂ፦ ሰላም የባሕር ዳር ልጆች። እናቴን አልዛይመር ከያዛቸው ሰነባብቷል። አሁን እኔንም አይለዩኝም፤ ካላጎረስኳቸው አይበሉም። አንዱ ዶኔፔዚል ይለኛል፣ ሌላው ሜማንቲን። ውጭ ያለ ዘመድ ደግሞ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ልላክልሽ ይላል። የቱ ይሻላል? ለክትትልስ ፈለገ ሕይወት ወይስ ጥበበ ጊዮን? ሽምቢጥ ነን።

መልስ፦ እህቴ፣ እግዜር ይማርልሽ። እኔም አባቴን የማስታምመው ቀበሌ 14 ነው፤ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

አንድ ነገር አስቀድመሽ ቁረጪ። እዚህ ደረጃ ላይ መድኃኒቱ ስምሽን አይመልስላቸውም። ከእሱ የሚጠበቀው ሌላ ነው፦ ዛሬ ብርጭቆውን ራሳቸው የሚያነሱ ከሆነ ከመንፈቅ በኋላም እንዲያነሱ፣ ተደግፈው የሚቆሙ ከሆነ መቆሙ እንዲሰነብት። ተመራማሪዎችም የሚለኩት ይህንኑ ነው። በፈረንጆቹ 2003 አሜሪካ ውስጥ የወጣ የሜማንቲን ጥናት ሕመሙ የጠናባቸውን ሰዎች ለ28 ሳምንት ተከታትሏል። መብላት፣ መልበስ፣ መታጠብ፣ ሽንት ቤት መሄድ የመሳሰለው ሁሉ ከ54 ነጥብ ተለካ። የወሰዱትም ያልወሰዱትም ወርደዋል፤ የወሰዱት ግን ባነሰ። ልዩነቱ ሁለት ነጥብ ገደማ ነው። ትንሽ ነው? አዎ። ግን ያቺ ነጥብ ሽንት ቤት ድረስ መሄድ ከሆነች፣ አንሶላ የምታጥብ ሰው ዋጋዋን ታውቃለች።

ለእኔ ቀዳሚው ዶኔፔዚል ነው። በቀን አንዴ ብቻ ነው። በ5 ሚሊግራም ይጀመርና ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ፣ ከተስማማቸው፣ ወደ 10 ይወጣል። ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ስለሚወሰድ ለጿሚ ሰው አያስቸግርም፤ አባቴ ሁሉን ረስቶ ጾሙን አልረሳም፣ ማታ ሲተኛ ነው የምሰጠው። መድኃኒቱ የሚያመጣው ሕልም ካስጨነቃቸው ወደ ጠዋት ይዛወራል። ማቅለሽለሽና ተቅማጥ ሊያመጣ ይችላል። የልብ ምትም ይቀንሳል፤ እናትሽ ከዚህ በፊት ራሳቸውን ስተው የሚያውቁ ከሆነ ለሐኪሙ ሳትነግሪና ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) ሳይነሱ እንዳይጀምሩ።

ሜማንቲን ለሆድ ይቀላል። በ5 ተጀምሮ በየሳምንቱ 5 እየተጨመረ 20 ይደርሳል። ኩላሊታቸው የደከመ ከሆነ መጠኑ ይቀነሳል፤ ስለዚህ አስቀድሞ የኩላሊት ምርመራ። የዶኔፔዚልን ያህል ልብ ስለማያዘገይ ምታቸው ለቀነሰባቸው የሚመረጠው እሱ ነው።

«ሁለቱንም ግዢ» ከተባልሽ አትቸኩዪ። በፈረንጆቹ 2012 የወጣ የእንግሊዝ ጥናት ዶኔፔዚል ሲወስዱ የቆዩ 295 ሰዎችን ለአንድ ዓመት አየ። መድኃኒቱን የቀጠሉት ካቋረጡት ይልቅ አእምሯቸውም የዕለት ተግባራቸውም የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ሜማንቲን ቢደረብበት ግን ይሄ ነው የሚባል ጭማሪ አልታየም። ከዚህ የምወስደው፦ አንዱን ይዞ ሳያቋርጡ መቀጠል።

ለዚህም ነው የሚለጠፈውን (ሪቫስቲግሚን) የማልመክርሽ። መድኃኒቱ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ መዋጥ ላቃተው ሰው ደህና ነው። ነገር ግን በየቀኑ ይቀየራል፣ የትናንቱን ሳያነሱ አዲስ መለጠፍ አደገኛ ነው፣ ከሦስት ቀን በላይ ከተቋረጠም እንደገና ከዝቅተኛው መጠን ይጀመራል። በዘመድ ሻንጣ ላይ የተንጠለጠለ ሕክምና ይሆንብሻል። የሚያዝያን ላብ ደግሞ ታውቂዋለሽ።

ሆስፒታሉን በተመለከተ፣ ሁለቱም የውስጥ ደዌና የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። ፈለገ ሕይወት ከተማው ውስጥ ነው፤ ጥበበ ጊዮን በአዴት መንገድ ወጣ ይላል። ባጃጅ ላይ ማስቀመጥ የሚከብድ በሽተኛ ይዘሽ ቅርቡን ምረጪ። የግል ክሊኒክ ወረፋው ያጥራል፤ ግን የሚጽፉትን አንብቢ። አንዱ ክሊኒክ ለአባቴ የማታ መረበሽ አሚትሪፕቲሊን የሚባል የድብርት መድኃኒት ጻፈልን። እሱ ዶኔፔዚል የሚገነባውን ያፈርሳል፤ አፍ ያደርቃል፣ ሽንት ይይዛል፣ ግራ መጋባት ይጨምራል።

ፋርማሲ ስትገቢ በንጥረ ነገሩ ስም ጠይቂ። በንግድ ስሙ «አሪሴፕት» ካልሽ የለም ትባያለሽ፤ ዶኔፔዚል ካልሽ ሊገኝ ይችላል። ሳያልቅ የሚቀጥለውን ወር ያዢ። ከጠፋ አዲስ አበባ ያለ ሰው ከነማ ፋርማሲዎች ጠይቆ ይላክልሽ።

ሌላ መልስ፦ ፋርማሲስት ነኝ። ከላይ የተባለው ላይ ሁለት ነገር ልጨምር። ማታ ሲረበሹ ቶሎ ሃሎፔሪዶል (ለአእምሮ ሕመም የሚሰጥ ማረጋጊያ) የሚሰጥ አለ። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ የመርሳት ችግር ላለባቸው አረጋውያን የዚህ ዓይነት መድኃኒቶች ሞትን እንደሚጨምሩ በፈረንጆቹ 2005 አስጠንቅቋል፤ በ2008 ሃሎፔሪዶልን የመሳሰሉትን የቆዩትንም ጨመረ። የግድ ሲሆን ብቻ፣ በትንሽ መጠን፣ ለአጭር ጊዜ፣ በሐኪም ክትትል። ሁለተኛ፣ ትናንት ይራመዱ የነበሩ ሰው ዛሬ ድንገት ከደከሙ «በሽታው ባሰ» አትበሉ። ሽንት ይመርመር፤ ኢንፌክሽን፣ የሆድ ድርቀት ወይም ያልተናገሩት ሕመም ሊሆን ይችላል።

ሌላ መልስ፦ እኛ ጠበል እናስጠምቃቸዋለን፣ መድኃኒቱንም አላቋረጥንም። አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ስለ ምግብ ደግሞ፣ ገንፎ ይጣበቃል፤ ወፈር ያለ አጥሚትና በደንብ የራሰ ፍትፍት ይሻላል። ሲበሉ ቀጥ ብለው ይቀመጡ፣ ከበሉም በኋላ ግማሽ ሰዓት አይተኙ።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ዳይፐር ወይስ ጨርቅ?

መልስ፦ ለሌሊት የአዋቂ ዳይፐር፣ ለቀን ጨርቅ። ቀኑን ሙሉ ዳይፐር ካደረግሽላቸው ሽንት ቤት መሄዱን ይተዉታል፤ ቆዳቸውም ይላጣል። ከምግብ በኋላና በየሁለት ሰዓቱ ውሰጃቸው። ብረት ቤት ሄደሽ ሽንት ቤቱ ግድግዳ ላይ መያዣ አሠሪ። መቀመጫው ዝቅ ያለ ከሆነ ከፍ ያለ የብረት ወንበር መሐሉን አስቀድደሽ ከላይ አስቀምጪ። ቁመቱን በእሳቸው ጉልበት ለኪ፤ ተቀምጠው እግራቸው መሬት ካልነካ አይሆንም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ቻርጅ የሚደረግ አምፖል ኮሪደሩ ላይ ይኑር።