ትክክለኛው «ካላሉ» የማን ነው?

ማርታ ከቶሮንቶ፦ ትናንት አንድ የአማርኛ የምግብ ቪዲዮ አይቼ እስካሁን ደሜ እንደፈላ ነው። ሰውዬው ስለ ካሪቢያን ምግብ ሊያስተምረን ተነሥቶ «ካላሉ» ስለሚባለው ምግባቸው ምን ቢል ጥሩ ነው? «ትክክለኛው ካላሉ የጃማይካው ነው፤ ሌሎቹ ደሴቶች ስሙን ወስደው ሌላ ነገር ይሠራሉ።» ይሄ አልበቃ ብሎት የሴንት ሉሲያን ብሔራዊ ምግብ «አረንጓዴ በለስ በጨው ዓሣ» ብሎ ተረጎመልን። ወንድሜ፣ «ፊግ» በእንግሊዝኛ በለስ ቢሆንም እዚያ አገር ሙዝ ነው። ሙዝ! በለሱን ከየት አመጣኸው?

ዮኒ ብሩክሊን፦ በለሱ ላይ ተሸውዷል፣ እሺ። ካላሉ ላይ ግን ምን አጠፋ? ፍላትቡሽ፣ የካሪቢያን ሰው የሞላበት ሰፈር፣ አሥር ዓመት ኖሬአለሁ። ካላሉ ቅጠል ነው። ይከተፋል፣ በሽንኩርትና በቲማቲም ይበስላል፣ ጨው ዓሣ ጣል ይደረግበታል፣ ጠዋት ይበላል። የነሱ ጎመን በለው። አለቀ።

ማርታ ከቶሮንቶ፦ አንተ «አለቀ» ስትል ትሪኒዳዶቹ ገና ድስቱን አልጣዱም። እነሱ ዘንድ ካላሉ የጎደሬ ቅጠል ነው። ባሚያ ይገባበታል፣ የኮኮናት ወተት ይገባበታል፣ ከተገኘ ሸርጣን ይገባበታል። ከዚያ ተመትቶ ተመትቶ ይልማል። የእሑድ ምሳ ነው። አብራኝ የምትሠራ ትሪኒዳዳዊት በዕቃ ይዛልኝ መጥታ ነው የማውቀው። የጃማይካውን «ትክክለኛው» ብዬ ብነግራት ዕቃውን ነጥቃኝ ነበር የምትሄደው።

ዮኒ ብሩክሊን፦ ይኸው ራስሽ አልሽው። ባሚያ፣ ኮኮናት፣ ሸርጣን... ይሄ የወጥ ስም ነው። የጃማይካው የቅጠሉ ስም ነው። ቅጠል ይቀድማል ወይስ ወጥ?

ኪያ፦ «ቅጠል ይቀድማል» 😂 እንቁላልና ዶሮ ቀረ እንግዲህ።

የሻሼ ልጅ፦ እኔ ያደግሁት ጃማይካ ሰፈር ነው። ሻሸመኔ ማለቴ ነው። ጃንሆይ መሬቱን ከሰጡ በኋላ የመጡት ሁሉ ጃማይካዊ ይመስላችኋል፣ የሰፈሩም ስም ያሳስታል። ጎረቤታችን የነበሩት ሴትዮ ግን የትሪኒዳድ ሰው ነበሩ። ከወንዶ ገነት የጎደሬ ቅጠል ያስመጡ ነበር። እናቴ «ሥሩ እያለ ቅጠሉን?» ብላ ትስቅባቸው ነበር። አንድ ቀን እኔና ወንድሜ ሳይበስል ቀመስነው፤ ጉሮሯችንን ሲበላን ዋለ። ሴትዮዋ ድስታቸውን ሁልጊዜ «ካላሉ» ነበር የሚሉት። ከጎናቸው ያሉት ጃማይካዊ አዛውንት ደግሞ «ያ ካላሉ አይደለም» ይሏቸዋል። ይሄ ክርክር ሻሸመኔ ላይ ከናንተ በፊት ተከርክሯል።

ዮኒ ብሩክሊን፦ አዛውንቱ እውነታቸውን ነው።

ማርታ ከቶሮንቶ፦ ዮኒ፣ አንተ ቦብ ማርሊ ስለሰማህ ጃማይካን ካሪቢያን አድርገሃታል። ጃንሆይ ራሳቸው በ1966 መጀመሪያ ያረፉት ትሪኒዳድ ነው፤ ጃማይካ ከዚያ በኋላ ነው።

ጋሽ አበራ፦ በ1958 በይ። የኛ ንጉሥ በኛ ዘመን ነው የሄዱት። ኪንግስተን የገቡት ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ነው።

ማርታ ከቶሮንቶ፦ ጋሼ፣ እኔ በፈረንጅ ነው የቆጠርኩት፤ ያው አንድ ቀን ነው።

ጋሽ አበራ፦ አንድ ቀን መሆኑን እኔም አውቃለሁ። ግን እናንተ ለባዕድ ጎመን ስም እንዲህ ስትሟገቱ የራሳችሁን ዘመን መርሳታችሁ ገርሞኝ ነው።

ኪያ፦ ጋሼ ገቡ። እንግዲህ ጎመኑ እስከ ማታ አይበስልም።

ሰብለ፦ ቆይ ግን፣ ስም ምን ያደርጋል? እነሱ ይበሉት፣ እኛ ምን አገባን?

ኪያ፦ ስም ምን ያደርጋል ላልሽው አኪን ልንገርሽ። እዚህ ለንደን አጠገቤ የባርቤዶስ ሰዎች አሉ። እነሱ «አኪ» የሚሉት ትንሽ አረንጓዴ ፍሬ ነው። ልጣጩን በጥርስ ትሰነጥቂውና ውስጡን ትመጪዋለሽ፤ ትልቅ ዘር ነው ያለው፣ ሥጋው ስስ ነው፣ ልብስ ላይ ከፈሰሰ አይለቅም። ይሄንኑ ጃማይካዎች «ጊኔፕ» ይሉታል፣ ትሪኒዳዶች «ሸኔት»፣ ፖርቶሪኮዎች «ኬኔፓ»። የጃማይካ አኪ ደግሞ ሌላ ዛፍ ነው። ቀይ ሆኖ በራሱ ጊዜ እስኪከፈት ይጠበቃል። ሲከፈት ሦስት ጥቁር ፍሬ ይታያል፤ የሚበላው ፍሬዎቹን የያዘው ቢጫው ነው። እሱም ተቀቅሎ ነው፤ ሲበስል የተጠበሰ እንቁላል ነው የሚመስለው። ሳይከፈት ከበላሽው መርዝ ነው፤ ሰው ይገድላል። አሜሪካ ለዚሁ ብላ በፈረንጅ ከ1973 እስከ 2000 ድረስ አታስገቡ ብላ ነበር። አሁን አንዱ የባርቤዶስ ልጅ ኪንግስተን ሄዶ «አኪማ ከዛፉ ቀጥፈው የሚበሉት ነው» ቢል?

ሰብለ፦ ውይ። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ዮኒ ብሩክሊን፦ ኪያ ለኔ መሰከረች። አንድ ትክክለኛ ስም ያስፈልጋል ማለት ነው።

ኪያ፦ የት ላይ ነው ያልኩት? እኔ ያልኩት ከመብላትህ በፊት ጠይቅ ነው።

ማርታ ከቶሮንቶ፦ ደግሞ «ትክክለኛው» ማለት ምንድን ነው ዮኒ? ማን ፈረመበት? ትሪኒዳድ አቮካዶን «ዛቦካ» ትላለች፣ ጃማይካ «ፒር» ትላለች። ዛቦካ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው። ያኔ ደሴቷን የያዘችው ስፔን በፈረንጅ በ1783 ለካቶሊክ ሰፋሪ መሬት እሰጣለሁ ስትል ፈረንሳይኛ ተናጋሪው ወደ ትሪኒዳድ ጎረፈ። እንግሊዝ በ1797 ደሴቷን ወሰደች፤ ቃሉ ግን ከኩሽና አልወጣም። ከ1845 እስከ 1917 ደግሞ በኮንትራት ሠራተኛነት ሕንዶች መጡ፤ ሮቲ የሚሉት ቂጣም፣ ድንቹን «አሉ» ማለቱም ከነሱ ነው። ታዲያ የቱን ትክክለኛ ልታደርገው ነው? ፒር የሚለውን? ፒርማ ሌላ ፍሬ ነው! በዚህ ሂሳብ የተሳሳተው ያንተ ጃማይካ ነው።

ዮኒ ብሩክሊን፦ ይሄ ሁሉ ታሪክ ለአቮካዶ። እኔ ስለ ካላሉ ነው ያወራሁት።

ማርታ ከቶሮንቶ፦ ሲጨንቅህ ወደ ጎመኑ ትመለሳለህ።

ሞንትሪያል ነኝ፦ ነዳጅ ላርከፍክፍ? እዚህ ሄይቲዎች ሞልተዋል። እነሱ «ካላሉ» ሲሉ ቅጠሉንም አይደለም፣ ወጡንም አይደለም። ባሚያውን ራሱን ነው።

ኪያ፦ 😂😂😂

የሻሼ ልጅ፦ የጎረቤቴ ድስት ውስጥ ባሚያ ስለነበረ ግማሽ ነጥብ ለሴትዮዋ።

ዮኒ ብሩክሊን፦ ሄይቲ ሌላ ቋንቋ ናት። አይቆጠርም።

ሞንትሪያል ነኝ፦ ኧረ? ከካሪቢያን መጀመሪያ ነጻ የወጡት እነሱ ናቸው፣ በፈረንጅ በ1804። ስም ማውጣት በቅድሚያ ከሆነማ...

ጋሽ አበራ፦ እስቲ እኔም የደረሰብኝን ላውጋችሁ። ልጄ ዘንድ ሄጄ የጃማይካ ምግብ ቤት ወሰደችኝ። «ሩዝ በአተር» ብላ አዘዘችልኝ። አተር ክክ ነው ብዬ ስጠብቅ ቀይ ቦሎቄ በሩዝ መጣልኝ። አስተናጋጇን ጠርቼ «እመቤት፣ ይሄ አተር አይደለም» አልኳት በልጄ በኩል። ሴትዮዋ ወገቧን ይዛ «አተር ነው» አለች። ልጄ በጠረጴዛው ሥር ረገጠችኝ።

ኪያ፦ ጋሼ፣ ጃማይካ ላይ እሱ ነው አተሩ። ትሪኒዳድ ቢሄዱ ደግሞ አተር ብለው የርግብ አተር ያመጡልዎት ነበር። ጃማይካ ያንን «ጉንጎ» ትለዋለች።

ጋሽ አበራ፦ እኔ የማውቀው ቦሎቄ ቦሎቄ መሆኑን ነው።

ሰብለ፦ ጋሼ፣ ቀዩ አደንጓሬ ነው የሚባለው። ቦሎቄ አይደለም።

ጋሽ አበራ፦ የት አገር?

ሰብለ፦ እኛ አገር። ጎንደር። እናቴ አደንጓሬ እንጂ ሌላ ብላው አታውቅም።

የሻሼ ልጅ፦ እኛ ዘንድ ቀዩም ነጩም ቦሎቄ ነው። ገበያ ሄደሽ አደንጓሬ ብትዪ ሻጩ ያይሻል ብቻ።

ሰብለ፦ ሻጩ ትክክለኛውን ስም ስላላወቀ ነው።

ማርታ ከቶሮንቶ፦ «ትክክለኛውን ስም»!!! ሰብልዬ፣ ከዮኒ ጎን ሄደሽ ተቀመጪ።

ዮኒ ብሩክሊን፦ እንኳን ደህና መጣሽ ሰብለ። ወንበር አለ።

ሰብለ፦ የኔ ሌላ ነው። አደንጓሬ እውነት ትክክለኛው ነው።

የሻሼ ልጅ፦ ከዚህ ሁሉ የኔ ጎረቤቶች ይሻላሉ። እነሱ ቢያንስ ተጣልተው ሲያበቁ ከአንድ ድስት ይበሉ ነበር።

ኪያ፦ ርዕስ ለመቀየር ያህል፦ አንዲት ጃማይካዊት ነርስ ሌሊት ተረኛ ሆነን «ሻይ ልስጥሽ?» ብላኝ ኩባያው ውስጥ የዓሣ መረቅ ነበር። ቁርጥራጭ ሙዝ ሳይቀር አለው። «ፊሽ ቲ» ነው የሚባለው። እነሱ ዘንድ ትኩስ የሚጠጣ ሁሉ ሻይ ነው። እኔ ስኳር ጠይቄ ነበር።

ጋሽ አበራ፦ ጨመርሽበት?

ኪያ፦ አንድ ማንኪያ ጋሼ። አያምጣው።

ዮኒ ብሩክሊን፦ ማርታ፣ የጎደሬውን ካላሉ... ቶሮንቶ የት ነው የሚሸጠው? ቅዳሜ እመጣለሁ። ለክርክሩ ነው፣ ቀምሼ ልቃወም።

ማርታ ከቶሮንቶ፦ ኤግሊንተን ዌስት፣ የካሪቢያኖቹ መንገድ ላይ፣ ላሳይህ እችላለሁ። ግን እዚያ «ትክክለኛው የቱ ነው» ብለህ አፍህን ከከፈትክ አላውቅህም።

ሰብለ፦ ጋሽ አበራ፣ እናቴን ደውዬ ጠየቅኳት። አደንጓሬ ነው።

ጋሽ አበራ፦ እናትሽን አክብሪ። ቦሎቄ ነው።