ለክሩዝ (ለመርከብ ሽርሽር) የእጅ ሻንጣ ብቻ ይበቃል? አምስት ነን፣ እናቴም አብራን አለች

የሲልቨር ስፕሪንጓ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች፣ እንዴት ናችሁ? ልጆቹ በታኅሣሥ ትምህርት ሲዘጉ ክሩዝ ልንሄድ ነው። ከባልቲሞር ኤርፖርት ወደ ፎርት ላውደርዴል በረን፣ ከፖርት ኤቨርግሌድስ ወደብ ተነሥተን ሰባት ሌሊት እናሳልፋለን። ሴንት ቶማስና ሴንት ማርተን ደሴቶች እንወርዳለን፣ በመጨረሻ ባሃማስ። ባለቤቴ፣ ሁለት ሴቶች ልጆች (9 እና 6 ዓመት)፣ እኔና እናቴ ነን። እናቴ 71 ዓመቷ ነው፣ ስኳር አለባት፣ ኢንሱሊን ትወጋለች። ጉዞው ደግሞ ጾመ ነቢያት መሐል ነው የዋለው፣ እሷ ጾሟን አትፈታም።

የቸገረኝ ሻንጣው ነው። የምንበረው በሳውዝዌስት ነው፤ ድሮ ለአንድ ሰው ሁለት ሻንጣ በነፃ ይጭን ነበር፣ ከሜይ 28፣ 2025 ወዲህ ለሚቆረጥ ትኬት ግን ማስከፈል ጀምሯል። በአምስት ሰው፣ ደርሶ መልስ ሲሰላ ብዙ ብር ነው። ባለቤቴ «የእጅ ሻንጣ ብቻ ይዘን እንግባ» ይላል። እናቴ ደግሞ አልጋው ላይ ዘርግታ ያሳየችኝ ይኼን ነው፦ ሦስት የሐበሻ ቀሚስ፣ ጋቢ፣ ጀበና ከነስኒው፣ ትንሿ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ዕጣን፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ፣ ዳቦ ቆሎ። ቡናዋን ሳታፈላ ውላ አታውቅም። «ይኼ አይሄድም» ማለት በጣም ከብዶኛል። በዚያ ላይ ሁለት ምሽት ለእራት ዘንጦ መግባት አለ ተብለናል።

የሄዳችሁበት እስቲ ንገሩኝ፣ ምን ይዤ ምን ልተው?

የፎርት ላውደርዴል ሹፌር

እህቴ፣ እኔ ቅዳሜና እሑድ ከኤርፖርት ወደ ወደቡ ሰው ሳመላልስ ነው የምውለው። መንገዱ አጭር ነው፣ ካልተዘጋጋ አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ሰው የሚጉላላው በዕቃ ነው። አምስት ሰው አምስት ትልልቅ ሻንጣ ይዞ ይወጣና፣ የጠራው መኪና አልበቃ ብሎ ሌላ ሲጠራ፣ ሕፃን ፀሐይ ላይ ቆሞ ያለቅሳል። የእጅ ሻንጣ ከሆነ ሦስት ረድፍ ወንበር ያለው አንድ መኪና ይበቃችኋል።

ሌላው፣ ፓስፖርትና የመሳፈሪያ ወረቀት በትልቁ ሻንጣ እንዳይገባ። ወደቡ በር ላይ ሻንጣውን ለተሸካሚዎቹ ሰጥተው፣ ወረፋው ጋ ሲደርሱ ፓስፖርቱ አብሮ የሄደባቸው ሰዎች አይቻለሁ። ከተቻለም መርከቡ ከሚነሣበት ቀን በፊት ግቡ። በታኅሣሥ ባልቲሞር በረዶ ሊጥል ይችላል፣ መርከቡ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም።

ነርሷ ከአሌክሳንድሪያ

የኔ እህት፣ ይበቃል። እኔ እናቴን ይዤ በየዓመቱ እወጣለሁ። እሷም ጾመኛ ናት፣ ነጠላዋን ከትከሻዋ አታወርድም፤ ስለ እናትሽ ስትጽፊ የሷን አልጋ ያየሁ ነው የመሰለኝ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

የጀበናውን ነገር እናስቀድም። ምድጃው አይገባም። ካውያ፣ ቡና ማፍያ፣ ውሃ ማፍያ፣ ሻማ፣ ዕጣን፣ ሙቀትና ጭስ ያለው ነገር ሁሉ ክልክል ነው። ሻንጣው በኤክስሬይ ሲያልፍ አይተው ይይዙታል። እዚህ ላይ አይደራደሩም፣ እኔም ልክ ናቸው እላለሁ፤ ባሕር መሐል እሳት ቢነሣ የት ይኬዳል? ለእናትሽ ዛሬውኑ ንገሪያት። ወደቡ ላይ የማታውቀው ሰው ከእጇ ከሚወስድባት ካንቺ ብትሰማው ይሻላታል። ስኒዋን ግን እንዳትከለክያት። አንዷን ስኒ በካልሲ ጠቅልለሽ ጫማ ውስጥ ክተቻት። እናቴ ጠዋት ከቡፌው ጥቁር ቡና አስቀድታ፣ በራሷ ስኒ ገልብጣ፣ መስኮቱ ጋ ተቀምጣ ባሕሩን እያየች ትጠጣለች። የጀበና ቡና አይደለም፣ እሷም ታውቀዋለች፣ ግን ስኒዋ ስላለች ደስ ይላታል።

ሽሮውም ይቅር፣ የሚሠራበት ቦታ የለም። ቤት የተዘጋጀ ምግብም አያስገቡም። ዳቦ ቆሎውን ከሐበሻ ሱቅ እንደታሸገ፣ ፋብሪካው እንደዘጋው ግዢላት፣ ሚጥሚጣውንም እንደዚያው። ስለ ጾሙ አትጨነቂ። ገና በመጀመሪያው ምሽት የእራት ክፍሉን አለቃ «ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል አትበላም» በሉት። ብዙ መርከቦች ላይ የህንድ የአትክልት ምግብ አለ፣ ምስሩና ሽምብራው ለኛ ሰው አፍ ይስማማል፤ ቅቤና እርጎ እንዳይነካው ብቻ ደጋግመሽ ንገሪ። የነገውን ከዛሬ ማታ ካዘዛችሁ ለይተው ይሠሩላታል። ይኼ ሁሉ ከሻንጣው የሚወጣ ዕቃ ነው።

አሁን ልብስ። ከምንም በላይ ቦታ የሚበላው ኮት ነው። ሜሪላንድ ብርዱ አጥንት ሲሰብር ነው የምትነሡት፣ ሴንት ቶማስ ስትወርዱ ግን በሸሚዝ ያልባችኋል። እኛ ወፍራሙን ኮት ኤርፖርት ያቆምነው መኪና ውስጥ ትተን፣ ሹራብና ቀጭን ጃኬት ደራርበን እንገባለን። ከመኪና እስከ በሩ ያለችውን ብርድ መቻል ነው። መኪና የማታቆሙ ከሆነ፣ ያደረሳችሁ ሰው ኮቶቹን ይዞ ይመለስ። ከባዱን ጫማ አድርጋችሁት ሂዱ። ሻንጣ ውስጥ አንድ ነጠላ ጫማና ለእራት የሚሆን አንድ ቀለል ያለ ጫማ ብቻ ይግባ።

ጂንስ ከለበሳችሁት ሌላ አትያዙ። ከባድ ነው፣ ከረጠበም አይደርቅም፤ የመርከብ መታጠቢያ ቤት ጠባብና እርጥበታም ነው። ቀጫጭን የስፖርት ጨርቅ ማታ አጥበሽ ጨምቀሽ ብትሰቅዪው ጠዋት ደርቆ ታገኚዋለሽ። ብዙ ክፍል ውስጥ ሻወሩ ላይ ከግድግዳ ተስቦ የሚወጣ ገመድ አለ፣ ለልጆቹ የውስጥ ልብስና የዋና ልብስ እሱ ይበቃል። ካርኒቫልና ፕሪንሰስ የሚባሉት የመርከብ ድርጅቶች ራስሽ ገብተሽ የምታጥቢበት ማሽን አላቸው፤ ሮያል ካሪቢያን ግን የለውም፣ ለሠራተኛ ሰጥተሽ ነው የምታሳጥቢው። ስለዚህ የትኛው መርከብ እንደሆነ አይተሽ ቁጠሪ። ለሰባት ሌሊት ለአዋቂ አራት ከላይ፣ ሁለት ከታች ይበቃል። የውስጥ ልብስ ላይ ብቻ አትሰስቺ።

ለዘነጠው ምሽት የኛ ልብስ ያወጣችኋል። እናትሽ ከሦስቱ ቀሚስ አንዱን ትምረጥ፣ ሁለቱንም ምሽት ያንኑ ትልበስ፣ ነጠላዋን ትቀይር። በስሱ ሸማ የተሠራ ቀሚስ ከማንኛውም የእራት ልብስ ያነሰ ቦታ ነው የሚይዘው። ጥለቱን ወደ ውስጥ አድርገሽ እጠፊው፣ ከዚያ ከታች ወደ ላይ ጠቅልዪው፤ እንደዚያ ሲሆን ጥለቱ አይሰበርም። ካውያ ስለሌለ፣ ስትደርሱ መታጠቢያ ቤት ስቀዪው፣ ሰው ሻወር ሲወስድ እንፋሎቱ ያለሰልሰዋል። በጠርዙ ወደ ታች ሳብ ሳብ አድርጊው፣ በቃ። የእራት ክፍሉ ኤሲ ብርድ ስለሆነ ነጠላው ለመደረቢያም ይሆናል። ጋቢውን ግን እቤት ተዉት፣ ብቻውን ግማሽ ሻንጣ ይሞላል፤ ብርድ ካላት ክፍሉን የሚያጸዳው ሠራተኛ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ያመጣል።

ለልጆቹ ከመሄዳችሁ በፊት ሹሩባ አሠሪያቸው። በጨው ውሃና በገንዳ ውሃ መሐል ያልተሠራ የልጅ ፀጉር ማበጠር ሥራ ነው፤ ከተሠሩ ግን የቅባቱም የማበጠሪያውም ብዛት ይቀራል። ሳሙናና ሻምፖ ሻወሩ ውስጥ አለ። ሻምፖው ለኛ ፀጉር ስለማይስማማ የራስሽን ኮንዲሽነር በ100 ሚሊ ሊትር ዕቃ ያዢ፣ አውሮፕላኑ በእጅ ከዚያ በላይ ፈሳሽ አያሳልፍም። ፀጉር ማድረቂያ ብዙውን ጊዜ መሳቢያው ውስጥ ታገኛላችሁ። የባሕር ዳርቻ ፎጣ መርከቡ ይሰጣል፤ ከጠፋ ያስከፍላሉ፣ ልጆቹ አሸዋው ላይ ጥለውት እንዳይመጡ ብቻ።

ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ቅባት) ላይ አንድ ነገር። ሴንት ቶማስ ያለችበት የአሜሪካ ቨርጂን ደሴቶች ከ2020 ጀምሮ ኦክሲቤንዞን፣ ኦክቲኖክሴትና ኦክቶክሪሊን የሚባሉ ኬሚካሎች ያሉበትን ሰንስክሪን በሕግ ከልክለዋል፣ የባሕሩን ኮራል ስለሚጎዳ። ዚንክ ኦክሳይድ ያለበትን፣ እንደ ሊፕስቲክ ጠጣሩን ግዢ። ፈሳሽ ስላልሆነ ከ100 ሚሊ ሊትሩ ውስጥም አይቆጠርም።

የክፍሉ ግድግዳ ብረት ነው። ጥቂት የማግኔት ማንጠልጠያ ያዙ፣ ምንም አይከብዱም፤ ነጠላው፣ ኮፍያው፣ የረጠበው ቦርሳ ሁሉ እዚያ ላይ ይሰቀላል። አምስት ሰው ሲሆን ወለሉ ላይ የሚራገጥ ነገር ባይኖር ነው ጥሩ።

የሁለት ወንዶች አባት

ነርሷ ያለችው ሁሉ ልክ ሆኖ፣ እኔ ግን አንድ ሻንጣ ክፈሉና አስጭኑ እላለሁ። የስድስት ዓመት ልጅ የራሷን ሻንጣ አትጎትትም። የአያቷን ሻንጣም የሚጎትተው ሌላ ሰው ነው። አምስት የእጅ ሻንጣ ማለት ሁለት አዋቂዎች አምስት ሻንጣ ይጎትታሉ ማለት ነው፤ መርከቡ ላይ ደግሞ ክፍሉ ተጸድቶ እስኪከፈት ከሰዓት ይሆናል፣ እስከዚያ ሻንጣ እየጎተቱ ቡፌ መሰለፍ ነው። አንድ መካከለኛ ሻንጣ ለሁሉም፣ የቀረው በጀርባ ቦርሳ ይሁን። ወደቡ ላይ ትሰጡታላችሁ፣ ማታ በራችሁ ላይ ታገኙታላችሁ።

ነርሷ ከአሌክሳንድሪያ

ወንድሜ፣ ስለ ስድስት ዓመቷ ልጅ ያልከው እውነት ነው። ለሁለቱ ልጆች አንድ የእጅ ሻንጣ ይበቃል፣ ልብሳቸው ትንሽ ነው፣ እነሱ የየራሳቸውን የጀርባ ቦርሳ ይያዙ። አያት የምትይዘው ትንሽ ቦርሳ ብቻ ይሁን። እንዲያ ከሆነ ሻንጣው ሦስት ነው፣ የሷም ልብስ ከልጇ ጋር ይገባል። የሚጫን ሻንጣ ላይ የምፈራው የመጨረሻውን ማታ ነው። ሻንጣችሁን ተሸክመው እንዲያወርዱላችሁ ከፈለጋችሁ ማታውኑ ኮሪደር ላይ ታወጡታላችሁ፤ የጠዋት ልብሳቸውን ጭምር አውጥተው በሌሊት ልብስ የቀሩ ሰዎች አሉ። ከዚያም ወደቡ አዳራሽ ውስጥ ከሺህ ሻንጣ መሐል መፈለግ ነው። ዕቃውን በእጁ የያዘ ሰው ግን ራሱ ይዞ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ይወርዳል። አውሮፕላን ለመያዝ ለሚጣደፍ ሰው ይኼ ትልቅ ነገር ነው።

የሲልቨር ስፕሪንጓ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። እናቴን አነጋገርኳት። ስለ ምድጃው ትንሽ ከፋት፣ ስኒዋ ትሄዳለች ስላት ግን ራሷ መርጣ አመጣችልኝ። ቀሚሱም አንድ ሆኗል። አንድ የቀረኝ ኢንሱሊኑ ነው። መርፌውም አለ። ሻንጣ ውስጥ ይግባ ወይስ እጅ ላይ ይያዝ? ክፍሉ ውስጥ ፍሪጅ አለ ይላሉ።

ነርሷ ከአሌክሳንድሪያ

እጅ ላይ፣ ሁሉም። ኢንሱሊን፣ መርፌ፣ መለኪያው፣ የደም ግፊት ኪኒንም ካላት፣ በራሷ ስም ባለው ዕቃ እንዳለ በትንሿ ቦርሳ ይግባ፣ ከጉዞው ቀን በላይ የሚበቃ አድርጊው። የኤርፖርት ፈታሾቹ ለመድኃኒት ከ100 ሚሊ ሊትር በላይም፣ ማቀዝቀዣ ጄሉንም ይፈቅዳሉ፤ ቀድመሽ «ኢንሱሊን ነው» በያቸው።

የክፍሉ ፍሪጅ ብዙ ጊዜ ለስላሳ መጠጥ የሚያቀዘቅዝ ብቻ ነው፣ ለመድኃኒት አትመኚው። ከመሄዳችሁ በፊት ለመርከቡ ድርጅት ደውለሽ ለመድኃኒት የሚሆን ፍሪጅ አስይዢ። ፍሪጅ የሚያስፈልገው ያልተከፈተው ነው። የተከፈተው አብዛኛው ዓይነት ከ30 ዲግሪ በታች በሆነ ቦታ 28 ቀን ይቆያል፤ የእናትሽን ግን ከፋርማሲው ወረቀት ላይ አረጋግጪ። ባሕር ዳርቻ ስትወርዱ ፀሐይ ላይ ካለ ቦርሳ ውስጥ እንዳይቀር ተጠንቀቂ። ለተጠቀመችበት መርፌ መጣያ ዕቃ ክፍሉን የሚያጸዳውን ሠራተኛ ጠይቂ፣ ይሰጣችኋል። ስኳሯ ቢወርድ የምትጠጣው ትንሽ የታሸገ ጭማቂ ካጠገቧ አይጥፋ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ኢንሱሊን እየወጋች እስከ ስንት ሰዓት እንደምትጾም ከሐኪሟም ከንስሐ አባቷም ጋር ከመነሣታችሁ በፊት ተነጋገሩ። መርከቡ ላይ እንቅስቃሴው ይበዛል፣ ደረጃው፣ ደሴቱ ላይ መራመዱ፤ ሳይበሉ በእግር መሄድ ስኳር ቶሎ ያወርዳል። እናቴ ደሴት በምንወርድበት ቀን ቀደም ብላ ትቀምሳለች፣ አባታችን ፈቅደውላት ነው።