ነርስ የልብ መድኃኒት መጠን ይቀይር ወይስ አይቀይር?

አወያይ፦ የሐዋሳ ልጆች፣ የዛሬው ጥያቄ ይኸው። የልብ ድካም ያለበት ሰው ክትትሉ ጤና ጣቢያ ይሁን? የሰለጠነች ነርስስ ላሲክሱን፣ ማለትም በሽንት ውሃ የሚያስወጣውን መድኃኒት፣ ትጨምር፣ ትቀንስ? ስድብ የለም።

አስታማሚ፦ እናቴን ከዶሬ ባፋኖ ሐዋሳ አመላልሳለሁ። እግሯ ማበጡን ቀድማ ያየችው ነርሷ ናት። ግን «ዶክተሩን ጠብቁ» ከማለት ሌላ ሥልጣን የላትም።

ጠቅላላ ሐኪም፦ ይገባኛል እህቴ። ግን ላሲክስ ውሃ ብቻ አይደለም የሚያስወጣው። ፖታሲየም የሚባለው የደም ጨውም አብሮ ይወጣል። ያ ሲያንስ የልብ ምት ይዛባል። ላሲክሱ ሲበዛ ኩላሊትም ይጎዳል። ደም ሳይመረመር በምን ይቀየራል?

ነርስ፦ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ ዶክተር፣ ማን በዘፈቀደ ይቀየር አለ? ታካሚው ጠዋት ሽንቱን ሸንቶ፣ ቁርስ ሳይበላ ይመዘን። በሦስት ቀን 2 ኪሎ ከጨመረ ውፍረት አይደለም፣ ውሃ ነው። ያኔ ምን እንደምናደርግ በጽሑፍ ይሰጠን። ሩዋንዳ እኮ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በወረዳ ሆስፒታል ነርሶች አልትራሳውንድ ይዘው የልብ ድካም ታካሚ ይከታተላሉ። መድኃኒትም ያስተካክላሉ።

ጠቅላላ ሐኪም፦ ሲስተር፣ የሩዋንዳን ሙሉውን ንገሪን እንጂ። የልብ ስፔሻሊስት እየሄደ ያግዛቸው ነበር። እኛ ጋ ሥልጠናው ይቀርና ሥራው ብቻ እንዳይወርድ ነው ፍርሃቴ።

ሌላ ነርስ፦ ደሞዙስ? 😂

አወያይ፦ እሱ ሌላ ቀን።

ወጣት ታካሚ፦ እኔ የልብ ቫልቭ (የልብ በር) ችግር አለብኝ። እንዳይብስብኝ በየ28 ቀኑ የፔኒሲሊን መርፌ እወጋለሁ። አንድ ጤና ጣቢያ «ሰው ይሞትብናል፣ አንወጋም» ብሎ መልሶኛል። አዲስ ሥልጣን ከመስጠታችሁ በፊት ያለውንስ ይሥሩበት!

ጠቅላላ ሐኪም፦ ፍርሃቱ ከመሬት አልተነሳም። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2022 እ.ኤ.አ. እንዳለው፣ ቫልቩ ክፉኛ የተጎዳና የሕመም ምልክት ያለው ሰው ሲወጋ ልቡ ሊከዳው ይችላል። ሁሌ አለርጂ አይደለም። ለእሱ ክኒን ይሻላል። ይህን የሚለየው ደግሞ ኢኮ፣ የልብ አልትራሳውንድ፣ ነው።

ነርስ፦ በቃ፣ እናንተ በኢኮ ለዩልን። ቀለል ያለውን እኛ ውሃ አጠጥተን፣ አስተኝተን እንወጋለን። ከባዱን እንልክላችኋለን። ላሲክሱም እንደዚሁ ይሁን።

አስታማሚ፦ ዶክተር፣ ደሙ እዚያው ተቀድቶ ሆስፒታል ቢላክስ? ብልቃጡ ሚኒባስ ላይ አይደክመውም፤ እናቴን ነው የሚደክማት።

ጠቅላላ ሐኪም፦ ይቻላል፣ ቶሎ ከደረሰ። ከቆየ የፖታሲየሙ ውጤት ያሳስታል። በዚህ ከሆነ ነርሷ ትቀንስ፣ እስማማለሁ። ለመጨመር ግን መጀመሪያ ትደውልልኝ።

ነርስ፦ የስልኩን ካርድ ማን ይሞላል? 😄