ካገለገለ ዘይት ባዮዲዝል ለመሥራት፦ ሜታኖል ወይስ ኢታኖል? ሶዲየም ወይስ ፖታሲየም?

የወፍጮ ቤት ባለቤት፦
ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ሲሆን የምተዳደረው በናፍጣ በሚሠራ ወፍጮ ነው። ናፍጣ በጠፋ ቁጥር ሥራው ስለሚቆም፣ ከምግብ ቤቶች የምሰበስበውን ለጥብስ ያገለገለ ዘይት ወደ ባዮዲዝል፣ ማለትም ከዘይት ወደሚሠራ የናፍጣ ምትክ፣ ለመቀየር አስቤያለሁ። ያነበብኩት ሁሉ ሜታኖል የተባለውን አልኮልና ኮስቲክ ሶዳን (ሶዲየም ሃይድሮክሳይድን) ይጠቅሳል። ሜታኖል ግን መርዝ ከመሆኑም በላይ እንደ ልብ አይገኝም፤ በአንጻሩ ኢታኖል፣ የመጠጡ አልኮል፣ እንደ ፊንጫ ባሉ የስኳር ፋብሪካዎች ከሞላሰስ ይመረታል፤ ሌላው ቢቀር ዳግም አረቄን ደጋግሞ በማውጣት የሚገኝ ይመስለኛል። ሜታኖልን በኢታኖል ብተካ ምን ይጎድልብኛል? ላገለገለ ዘይትስ ከኮስቲክ ሶዳና ከፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የሚሻለው የትኛው ነው?

የኬሚስትሪ መምህር፦
አረቄውን ከወዲሁ ይተዉት። ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው፤ የቱንም ያህል ደጋግመው ቢያወጡት ደግሞ በክብደት ከ95.6 በመቶ አያልፍም፤ ምክንያቱም እዚያ ደረጃ ላይ ሲደርስ ውሃውና አልኮሉ በአንድ መጠን አብረው ይተናሉ። የቀረችው ጥቂት ውሃ ከካታሊስቱ (ለውጡን ከሚያፋጥነው ኮስቲክ ሶዳ ወይም ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ) ጋር ሆና ዘይቱን ወደ ሳሙና ስለምትለውጠው፣ ከላይ ባዮዲዝል ከታች ግሊሰሪን ሆኖ መለየት የነበረበት ነገር እንደ ሙቅ ወፍሮ ይቀራል። ከቤንዚን ጋር ለመደባለቅ የሚዘጋጀውን ውሃው የወጣለት ኢታኖል ማግኘት ከቻሉ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ያም ሆኖ ለአንድ ሊትር ዘይት 200 ሚሊ ሊትር ሜታኖል በሚበቃበት ቦታ ወደ 290 ሚሊ ሊትር ኢታኖል ያስፈልጋል፤ የኢታኖል ሞለኪውል ከበድ ያለ ነውና። ከዚህም በላይ ኢታኖል ባዮዲዝሉንና ግሊሰሪኑን አቀላቅሎ ስለሚይዝ መለየቱ አስቸጋሪ ነው። በእኔ አስተያየት ለጀማሪ ሜታኖል ይሻላል።

መርዝነቱን በተመለከተ ስጋትዎ ትክክል ነው። ሜታኖል ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም፤ በትነቱም በቆዳም ወደ ሰውነት ይገባል፤ ነበልባሉ ደግሞ በቀን ብርሃን አይታይም። ስለዚህ ከቤት ውጭ፣ ከከሰል ምድጃና ከማንኛውም እሳት ርቀው፣ ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርገው ይሥሩ። በመጠጥ ጠርሙስ ፈጽሞ አያስቀምጡት።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙዎቹ መመሪያዎች ዘይቱን 55 ወይም 60 ዲግሪ ሴልሺየስ አሙቁ የሚሉት ሜታኖል በባሕር ጠለል ላይ የሚፈላው 65 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ነው። ደብረ ብርሃን ግን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች እዚያ የሚፈላው በ56 ዲግሪ አካባቢ ነው። እርስዎ ከ48 ወይም ከ50 ዲግሪ ባያልፉና የማማሰያውን ጊዜ ቢያረዝሙ ይመረጣል።

የናፍጣ ሞተር መካኒክ፦
መምህሩ ስለ አልኮሉ በሚገባ ስላስረዱ እኔ ስለ ካታሊስቱ ልበል። ኮስቲክ ሶዳ በዋጋ ይረክሳል፤ የሚያስፈልገውም መጠን ያንሳል፤ ለንጹሕ ዘይት በሊትር 3.5 ግራም ይበቃል። ሆኖም ግሊሰሪኑ ሲበርድ ስለሚረጋ፣ በተለይ በእናንተ ብርድ፣ ከበርሜሉ ሥር ቆርጦ ማውጣት ግድ ይሆናል። ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ በአልኮል ውስጥ ቶሎ ይሟሟል፣ ግሊሰሪኑም ፈሳሽ ሆኖ በቧንቧ ይወርዳል። ስለዚህ ላገለገለ ዘይት እኔ እሱን እመርጣለሁ። ንጽሕናው 90 በመቶ ከሆነ መነሻው በሊትር 5.5 ግራም ነው።

ያገለገለ ዘይት አሲድ ስላለው ከመነሻው ላይ የሚጨመረውን ለማወቅ ቲትሬሽን፣ ማለትም የአሲዱን መጠን በጠብታ የመለካት ሙከራ፣ ያስፈልጋል። ከዚያው ከሚጠቀሙበት ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ አንድ ግራሙን በአንድ ሊትር የተጣራ (ዲስቲልድ) ውሃ ይበጥብጡ። አንድ ሚሊ ሊትር ዘይት በ10 ሚሊ ሊትር አይሶፕሮፒል አልኮል አሟሙተው ጥቂት ፊኖልፍታሊን (አሲዱ ሲያልቅ ቀለም የሚያሳይ አመልካች) ይጨምሩና፣ ብጥብጡን በመርፌ ሲሪንጅ ጠብ እያደረጉ ሐምራዊው ቀለም ሳይጠፋ ግማሽ ደቂቃ ያህል እስኪቆይ ድረስ ይጠብቁ። ሦስት ሚሊ ሊትር ከወሰደ ሦስት ግራም ይጨመራል፤ ማለትም ለሊትር 8.5 ግራም ይሆናል። ቁጥሩ በጣም ከፍ ካለ በሰልፈሪክ አሲድ የሚጀመር ባለ ሁለት ደረጃ አሠራር አለ፤ ለጀማሪ ግን ያንን ዘይት ትቶ የተሻለ መፈለግ ይቀላል።

በአሉሚኒየም ድስት እንዳይሠሩ አደራ። ሁለቱም ካታሊስቶች አሉሚኒየምን እየበሉ ሃይድሮጅን የተባለውን ተቀጣጣይ ጋዝ ያወጣሉ።

የወፍጮ ቤት ባለቤት፦
ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሜታኖልንና ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድን ይዤ በአንድ ሊትር እጀምራለሁ። የማገኘው ዘይት አብዛኛው ፓልም ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ይረጋል፤ ባዮዲዝሉም እንደዚያ ይሆናል? ሥራው መሳካቱንስ ወደ ሞተሩ ሳላስገባው በምን አውቃለሁ?

የናፍጣ ሞተር መካኒክ፦
አዎ፣ ከፓልም የተሠራው ገና 15 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መደፍረስ ስለሚጀምር በደብረ ብርሃን ጠዋት ፊልትሮ ይዘጋል። ከናፍጣ ጋር ደባልቀው፣ ባዮዲዝሉን ከአንድ አምስተኛ ሳያሳልፉ ይጠቀሙበት፤ ሞተሩንም አየሩ ሞቅ ሲል ያስነሡት። የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት ካገኙ በብርድ የተሻለ ይፈስሳል። መሳካቱን ለማወቅ ደግሞ ሦስት ሚሊ ሊትር ባዮዲዝል በ27 ሚሊ ሊትር ሜታኖል ውስጥ ይበጥብጡ። ጥርት ብሎ ከተዋሐደ አልቋል፤ ከታች የዘይት ጠብታ ከተቀመጠ ግን ያልተለወጠ ዘይት ስላለ ጥቂት ሜታኖልና ካታሊስት ጨምረው ይድገሙት። የነዳጅ መስመሩ አሮጌ የጎማ ቱቦ ከሆነም ባዮዲዝል ስለሚያለሰልሰው አስቀድመው ይቀይሩት።