ፓይንቶፕ ፐርኪንስ ከጊታር ወደ ፒያኖ እንዴት ዞረ?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ውስጥ ማታ ማታ ኪቦርድ የምጫወት ስሆን፣ የብሉዝ ፒያኖ ተጫዋቹ ፓይንቶፕ ፐርኪንስ ቀድሞ ጊታር ይጫወት እንደነበር ሰምቻለሁ፤ የምታውቁ ብታስረዱኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ እ.ኤ.አ. በ1913 በሚሲሲፒ የተወለደው ፐርኪንስ፣ በ1940ዎቹ የግራ ክንዱ ጅማት በስለት በመቆረጡ ጊታሩን ትቶ ሙሉ በሙሉ ወደ ፒያኖ ዞረ፤ በ1969 ደግሞ ፒያኖ ተጫዋቹን ኦቲስ ስፓንን ተክቶ የብሉዝ ዘፋኙንና ጊታሪስቱን የመዲ ዋተርስን ባንድ ተቀላቀለ። ስፓንን መተካት ቀላል አልነበረም፤ በእኔ ግምት በብሉዝ ፒያኖ ስፓንን የሚስተካከለው የለም።

መልስ፦ ፐርኪንስ በ97 ዓመቱ ግራሚ ተሸልሞ በቀጣዩ ወር፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2011፣ ማረፉም ይጨመርልኝ። ስልቱን ለመልመድ ግን የኪቦርዱን አውቶማቲክ ሪትም አጥፍተው ምቱን በግራ እጅዎ ይያዙ።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ፤ ከስፓን እጀምራለሁ።