ሄልዳይቨርስ 2፦ 40 ዶላር ያወጣል?

የቦርከና ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ግቢ ተማሪ ነኝ። ጅዳ ያለው ወንድሜ ለዒድ የምፈልገውን ጌም ሊገዛልኝ ቃል ገብቷል። ዓይኔ ያረፈው ሄልዳይቨርስ 2 ላይ ነው። አራት ሆነው ከግዙፍ ተባይና ከሮቦት ጋር የሚዋጉበት ነው። ዋጋው 40 ዶላር ነው። ወንድሜ ገንዘቡን በላቡ ነው የሚያገኘው፤ አስገዝቼው ሳልጫወተው ቢቀር ያንገበግበኛል። ኢንተርኔቴ ቀን ቀን ይንቀራፈፋል፣ ማታ ከአራት ሰዓት በኋላ ደህና ነው። ዩቲዩብ ላይ ሁሉም ያሞግሰዋል። እኛ ጋ ሆኖ ለሚጫወት ሰው ግን በምን ይመዘናል?

የጦሳ ንፋስ፦
አትግዛ። ካውንተር ስትራይክ 2 ነፃ ነው። ሮኬት ሊግ እ.ኤ.አ. ከ2020፣ ፐብጂ ከ2022 ጀምሮ ነፃ ሆነዋል። ብሩን ለዳታ አድርገው።

የፒያሳው ጌም ቤት፦
ደሴ ፒያሳ ላይ ጌም ቤት አለኝ። ከላይ ያለው ወንድማችን ልክ ነው፣ ነፃው ብዙ ነው። ልጁ የጠየቀው ግን ስለ መመዘኛው ነው።

እኔ ቤት ሰው የሚሞላው አዲስ ጌም ላይ አይደለም። የቆየው የኳስ ጌም ላይ ነው። ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ሁሉም ያውቀዋል፣ ተሸናፊ ይነሳል፣ ወረፋ የሚጠብቀው እየጮኸ ያያል። ስለዚህ መጀመሪያ የምጠይቅህ ከማን ጋር እንደምትጫወት ነው። የሰዎቹን ስም ቁጠርልኝ። ጓደኞችህ አካውንትህን እንጋራለን ካሉህ፣ አንድ ኮፒ ላይ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ መጫወት አይችልም። አራታችሁም ከገዛችሁ 160 ዶላር ነው። ብቻህን ገብተህ ከማታውቃቸው ጋር መጫወት ትችላለህ፤ ሆኖም የዚህ ጌም ጣዕሙ መነጋገሩ ላይ ነው።

ቀጥሎ፣ ጌሙ እስከ መቼ ይኖራል? ኮንኮርድ የሚባለው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2024 በ40 ዶላር ወጣ። ስቲም (የኮምፒውተር ጌም የሚሸጥበት መደብር) ላይ በአንድ ጊዜ 700 ሰው እንኳ አልሞላለትም፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተዘጋ፣ ገንዘቡም ተመለሰ። ዘ ክሩ የሚባለው የመኪና ጌም ደግሞ በ2014 ወጥቶ በ2024 ሰርቨሩ (ጌሙን የሚያስተናግደው የኩባንያው ኮምፒውተር) ሲዘጋ፣ ብቻውን የሚጫወት ሰው እንኳ መክፈት አልቻለም። በገንዘቡ የገዛውን ማለት ነው! ይሄ እኔን በጣም ያናድደኛል። ስለዚህ ስቲምዲቢ የሚባለው፣ የስቲምን ቁጥሮች የሚያሳየው ድረ ገጽ ገብተህ የተጫዋቹን ቁጥር እይ። የወጣበትን ሳምንት እለፈው፤ ከወራት በኋላ ያለውን ተመልከት። ሄልዳይቨርስ በዚህ በኩል አያሳስብም፤ ከየካቲት 2024 ጀምሮ ሰው አላጣም።

ስቲም ላይ አስተያየት ስታነብም የቅርብ ጊዜውን አንብብ። ከእያንዳንዱ ሰው አጠገብ ስንት ሰዓት እንደተጫወተ ተጽፏል። አምስት ሰዓት ብቻ ተጫውቶ ከተደሰተው ይልቅ ሁለት መቶ ሰዓት ተጫውቶ የተማረረውን እመነው። ምን እንደሚያሰለች እሱ ያውቃል።

አንድ ነገር ደግሞ ሳትረሳ። በግንቦት 2024 የሄልዳይቨርስ አሳታሚ ሶኒ፣ የፒሲ (ኮምፒውተር) ተጫዋቾች ሁሉ የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ አካውንት ያገናኙ ብሎ ነበር። ያ አገልግሎት በይፋ በማይሰጥባቸው አገሮች ጌሙ ከስቲም ሽያጭ ወረደ። ኢትዮጵያ አገልግሎቱ የላትም። ተጫዋቹ ሲያምፅ ትእዛዙ በቀናት ውስጥ ተሻረ። ቢሆንም ወንድምህ ከመክፈሉ በፊት በራስህ አካውንት ገብተህ የመግዣው ቁልፍ መኖሩን አረጋግጥ። በአገሮች መካከል የዋጋ ልዩነቱ ሰፊ ከሆነም ስቲም ስጦታውን አያሳልፍም።

የሆጤዋ፦
እኔም ወንድሜ ያለው ጅዳ ነው፤ አብረን እንጫወታለን። ቆይ፣ ወንድምህ ራሱ ኮምፒውተር አለው? ካለው ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። የጅዳና የኛ ሰዓት አንድ ነው። አርብ እረፍቱ ነው። በስልክ "ደህና ነህ፣ ደህና ነሽ" ተባብለን ወሬ ያልቅብን ነበር፤ ስንጫወት ግን ስለ ሥራው፣ ስለ አለቃው፣ ስለ እማዬ ሳናስበው እናወራለን። ለኔ 40 ዶላር የሚያወጣው ይሄ ነው።

ሄልዳይቨርስ ላይ ዘመቻውን የሚያስተናግደው ከተጫዋቾቹ የአንዱ ኮምፒውተር ነው። ስለዚህ ወንድምህ ይክፈተው፣ አንተ ግባበት፤ የሱ መስመር ከኛ ይሻላል። ዳውንሎዱም አያስፈራህ። ፒሲ ላይ 150 ጊጋባይት ገደማ ነበር፤ በ2025 መጨረሻ ወደ 23 አወረዱት። ሌሊት ብትለቀው ያልቃል። ገዝታችሁ ላግ (መዘግየት) ካስቸገረህ በ14 ቀን ውስጥ፣ ከሁለት ሰዓት በታች ተጫውተህ ከሆነ፣ ስቲም ገንዘቡን ይመልሳል። ዳውንሎድ የፈጀው ጊዜ አይቆጠርም። ስጦታውን የመመለሱን ጥያቄ አንተ ታቀርባለህ፣ ገንዘቡ ወደ ወንድምህ ይሄዳል።

የቦርከና ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ እህቴ። ወንድሜ ላፕቶፕ አለው፤ ግን የቆየ ነው፣ የሚችለው አይመስለኝም። እዚህ ያሉት ሦስቱ ጓደኞቼ ደግሞ 40 ዶላር ከየትም አያመጡም።

የፒያሳው ጌም ቤት፦
እንግዲያው ይሄኛው ይቆይ። ሌፍት ፎር ዴድ 2 የ2009 ጌም ነው፣ እሱም ለአራት ሰው ነው። መደበኛ ዋጋው 10 ዶላር ነው፤ በቅናሽ ጊዜ ደግሞ በጣም ይወርዳል። ቅናሽ ጠብቃችሁ አራታችሁም ብትገዙ 40 ዶላር አይሞላም። የቆየ ላፕቶፕም ይችለዋል፣ የወንድምህም ጭምር። ኢንተርኔት ሲጠፋ ዶርም ውስጥ በኬብል ተያይዛችሁ መጫወት ትችላላችሁ። ኬብሎቹን የሚያገናኘው ስዊች እኔ ጋ ትርፍ አለ። ቅዳሜ ደሴ ከወጣህ ብቅ በልና ውሰደው፤ ስትጨርሱ ትመልሳለህ።